የዱር እንስሳ መንገድ ላይ ሲገባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እንስሳ ከገባብህ መሪህን ጠምዝዝ።»

ብዙ የሚያስከፍለው ይሄኛው ስለሆነ ከሱ እጀምራለሁ። ሚዳቋ ወይም ጥንቸል ለማትረፍ በድንገት መሪ የጠመዘዘ ሾፌር ከፊት ከሚመጣ መኪና ጋር ሊላተም፣ ዛፍ ሊገጭ ወይም ሊገለበጥ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ትንሽ እንስሳ ከመግጨት እጅግ የከፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት ድንገት የገባ እንቅፋትን የመሸሽ ሙከራ ሲያደርግ፣ ያኔ አዲስ የነበረው መርሴዲስ ኤ-ክላስ ተገልብጧል። ያውም በሙከራ ሜዳ፣ ምን እንደሚመጣ በሚያውቅ ሾፌር እጅ!

ስለዚህ መስመራችሁን አትልቀቁ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ርገጡ፣ ክላክስም ንፉ። እንደ ሙስ ያለ ግዙፍ አጋዘን ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እግሩ ረጅም ስለሆነ መኪናው እግሩን ሲመታው ከባዱ ገላው የፊት መስታወቱ ላይ ይወድቃል። ፍጥነታችሁ ከወረደና መንገዱ በእርግጥ ክፍት ከሆነ፣ ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ለማለፍ ሞክሩ።

«መብራቴ ጥሩ ነው፣ ከሩቅ አየዋለሁ።»

እስቲ እናስላው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል። አይታችሁ ፍሬን እስክትረግጡ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ ወደ 38 ሜትር ሄዳችኋል፤ መኪናው ገና ፍጥነቱን መቀነስ አልጀመረም። አጭር መብራት ደግሞ በደንብ የሚያሳየው ከ50 ወይም ከ60 ሜትር ብዙም አይርቅም። ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ከሌለ ረጅሙን አብሩ፣ ከሁሉ በላይ ግን ፍጥነት ቀንሱ። በተለይ ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ፤ ብዙ እንስሳት የሚንቀሳቀሱት ያኔ ነው።

«ተሻገረ፣ አለፈ።»

ብዙዎቹ በመንጋ ነው የሚሄዱት። አንዱ ካለፈ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጠብቁ።

«መኪናው ላይ የምትገጠም ፊሽካ ታባርራቸዋለች።»

ተፈትሻ እዚህ ግባ የሚባል ውጤት አላሳየችም። ገንዘባችሁን ለጎማና ለፍሬን አውሉት።

«የተገጨውን እንስሳ ቶሎ ወርዶ መርዳት ያስፈልጋል።»

ማዘናችሁ ትክክል ነው፤ መቅረብ ግን አይሆንም። የቆሰለ እንስሳ በድንጋጤ ይራገጣል፣ ይነክሳል፣ ይወጋል። መኪናውን ዳር አስይዙ፣ አራቱንም የአደጋ ጊዜ መብራቶች አብሩ፣ ከአስፋልቱ ራቁና ለፖሊስ ደውሉ።