ከማጅራት ከፍ ብላ ያለችው ትንሿ አንጎል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ቤታችን የመንዝ በግ አረድን። ጭንቅላቱ ከመጣሉ በፊት ፈለጥኩትና ናላውን ለልጆቼ አሳየኋቸው። ከትልቁ አንጎል ኋላ አንዲት ሽብሽብ ያለች ቁራጭ አለች። ሐኪሞች ሰሬብለም ይሏታል። የኛም ከማጅራታችን ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ያን ቀን ስለ እሷ ቤት ውስጥ የተወራው ስህተት ብዙ ነው።

«ትንሽ ናት፤ ሥራዋም ትንሽ ነው።» በፍጹም! በሰው ላይ ከአንጎል ይዘት 10 በመቶ ገደማ ብትሆን ነው። ግን ከ86 ቢሊዮን ገደማ የአንጎል ነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉ የታጨቁት እሷ ውስጥ ነው።

«የሷ ነጩ ክፍል ከውጭ፣ ግራጫው ከውስጥ ነው።» ይሄ የህብለ ሰረሰር ነው። ሰሬብለም ላይ ግልባጩ ነው። በቢላ መሃል ለመሃል ስሰነጥቃት ልጆቼ «ዛፍ!» ብለው ጮኹ። እውነትም ዛፍ ነው። ነጭ ግንድ፣ ነጭ ቅርንጫፎች፣ ዙሪያቸውን ግራጫ ልባስ። ሊቃውንቱም ነጩን «የሕይወት ዛፍ» ብለውታል። ግራጫው ልባስ 3 ንብርብር አለው። መካከለኛው ላይ የተደረደሩት ትልልቅ ሴሎች እ.ኤ.አ. በ1837 በገለጻቸው በቼኩ ሊቅ በፑርኪንየ ስም ይጠራሉ። የእያንዳንዱ ሴል ቅርንጫፍ መጽሐፍ ውስጥ ተጭኖ እንደደረቀ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው። ነጩ ውስጥም ግራጫ አይጠፋም፤ በግራና በቀኝ አራት አራት ግራጫ የሴል ክምችቶች ተቀብረዋል። አብዛኛው መልእክት የሚወጣው ከነሱ ነው።

«ነጩ መሙያ ነው።» አይደለም። መልእክት የሚያመላልሱ ክሮች ናቸው። የነጡት ስብ ስለተጠቀለለባቸው ነው።

«ቀኙ ግራን ያዛል።» ለትልቁ አንጎል ልክ ነው። የሰሬብለም ቀኝ ግን የሚያገለግለው ቀኝ እጅና እግርን ነው።

«እሷ ከተጎዳች ሰው ሽባ ይሆናል።» ይሄኛው ያሳስበኛል። የሚጠፋው ጉልበቱ ሳይሆን ልኩ ነው። እናቴ ሱፍ ስትፈትል አያታለሁ። አንድ እጇ ሱፉን ይስባል፣ ሌላው እንዝርቱን ያሾራል፣ ክሩ አይበጠስም። ያንን ልክ የምትጠብቀው ሰሬብለም ናት። እሷ ስትታመም እጅ ሊያነሳ ያለውን ስኒ ይስታል፣ አንደበት ይጎተታል፣ እርምጃ ይንገዳገዳል። አረቄም ለጊዜው እንዲሁ ያደርጋታል። ለዚህ ነው በሽተኛውን «ሰክሮ ነው» ብለን የምናልፈው። እባካችሁ፣ አፉ አረቄ የማይሸት ሰው ድንገት ሲንገዳገድ ካያችሁ ደግፋችሁ ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሱት። ስትሮክ እዚህም ቦታ ይመታል።