ሞተር ላይ የተጋገረ ዘይትና ግራሶ ማጽዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቅባትን እንደ ቤንዚንና ናፍጣ የሚያነሳ የለም።»
ማንሳቱንስ ያነሳሉ። ነገር ግን የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል፤ ኮፈኑ ሥር ደግሞ ባትሪና ብዙ ገመድ አለ። ናፍጣ በበኩሉ ቶሎ ስለማይተን ስስ ቅባት ጥሎ ይቀራል፣ አቧራውም ወዲያው ይለጠፍበታል። ሁለቱም የጎማ ቱቦና ቺንጊያ ይጎዳሉ። በውሃ የሚታጠብ ዲግሪዘር (የቅባት ማጽጃ ፈሳሽ) ይጠቀሙ፤ መጠኑን ጣሳው ላይ እንደተጻፈው ይቀላቅሉ።

«በረኪና ያነጣዋል።»
አልሙኒየምን ይበላል። አይሞክሩት።

«ሞተሩ እንደጋለ ሲታጠብ ቆሻሻው ቶሎ ይለቃል።»
ለብ ያለ ሞተር ይረዳል፣ የጋለ ግን ጉዳት አለው። ማጽጃው ሳይሠራ ደርቆ እድፍ ይተዋል፤ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ብረቱ በድንገት ስለሚኮማተር ሊሰነጠቅ ይችላል። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ላይ መዳፍዎ ሳይቃጠል መቆየት ከቻለ ለማጠብ ደርሷል።

«ሞተር ውሃ አይነካም» የሚሉ አሉ፤ «በፓምፕ ግፊት ይታጠብ» የሚሉም አሉ።
ሁለቱም ተሳስተዋል። የሞተሩ የኤሌክትሪክ ሶኬቶች የመንገድ ርጭትን ይችላሉ፤ በግፊት የሚገባ ውሃን ግን አይችሉም። ስለዚህ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይፍቱ። ዲናሞውን፣ የአየር ማስገቢያውን፣ የፊውዝ ሳጥኑንና ቦቢናዎቹን (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጡትን) በፕላስቲክ ሸፍነው በፕላስተር ያስሩ፤ የዘይት ክዳኑና የዘይት መለኪያው ዘንግ በደንብ መግባታቸውን ያረጋግጡ። ወፍራሙን ቅባት በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱ። ዲግሪዘሩን ከታች ወደ ላይ ይርጩና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይተዉት፤ እንዳይደርቅ ብቻ ይጠብቁ። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ አሽተው በቀስታ በሚፈስ ውሃ ከላይ ወደ ታች ያጥቡ። የሽቦ ብሩሽ የገመድ ሽፋን ስለሚልጥ አይጠቀሙ። ሃይብሪድ መኪና ከሆነ ብርቱካናማዎቹ የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች አካባቢ ውሃ አይርጩ፤ በጨርቅ ብቻ ይጥረጉ።

«ሞተሩን አስነስቶ ማድረቅ ይቻላል።»
በብዙ ሞተሮች ላይ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል ብልጭታ የሚሰጠው) ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ውሃ እዚያ ከገባ ከላይ አይታይም፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ብልጭታው በውሃው በኩል ይሸሻል፣ አንዱ ሲሊንደር አይተኩስም፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የጭስ ማጣሪያውን ያበላሻል። በኮምፕሬሰር አየር ሶኬቶቹንና ጉድጓዶቹን ይንፉ፤ ከተጠራጠሩ ቦቢናውን ነቅለው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ውሃ ሳይሆን ዘይት ካገኙ የጉድጓዱ ማኅተም ያፈሳል ማለት ነው።

«ትንሽ ዘይት ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ ከታጠበ ደግሞ ችግሩ አለቀ።»
ይህ ከሁሉም የሚጎዳ ሐሳብ ነው። ዘይቱ ጎማ ያለሰልሳል፤ የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ከደረሰም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ደግሞስ ከየት መጣ? ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድም ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የረጠበው ቦታ የሚያፈሰው ቦታ ላይሆን ይችላል። ሞተሩ ሲደርቅ የተጠረጠረውን ቦታ የሕፃን ፓውደር ነስንሰው ጥቂት ይንዱና ይመልከቱ፤ ዘይቱ በነጩ ላይ ጥቁር መንገድ ይሠራል፣ መነሻውም የመንገዱ ከፍተኛው ጫፍ ነው። ብዙ ጊዜ የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ሆኖ ይገኛል። ያረጀና የደረቀ ጓርኒሲዮን ይቀየራል እንጂ ብሎን በማጥበቅ አይድንም፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ የአልሙኒየሙ ጥርስ ይበላል።