ገመድ ወጥሮ ወንዝ ማጽዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ሊገባ ሲል ስልኬ መጮኽ ይጀምራል። «ጋሼ፣ ቀሃ ወንዝ ላይ ገመድ ወጥረን ጀሪካን ብናንሳፍፍ ቆሻሻው አይቆምም?» የጎንደር የሰፈር ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዴም የዕድር ሰዎች። ሐሳባቸው ደግ ነው። ግን ሥራዬ ከውሃ ጋር ነውና ያንኑ ስህተት በየዓመቱ መስማት ይሰለቻል።

ነገሩ ተንሳፋፊ አጥር ነው። በተያያዙ ተንሳፋፊ ነገሮች የተሠራ ረጅም ሰንሰለት፣ ከሥሩ አጭር መረብ ወይም ሸራ የተንጠለጠለበት። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ እንጨትና ቅጠል ይይዛል። በትክክል ከተሠራ ጥሩ ነገር ነው።

«ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ መወጠር ነው»

ዋናው ራስ ምታቴ ይሄ ነው። ሰው አጥር ሲባል የሚያስበው ከብት የሚያቆም አጥር ነው። ወንዝ ግን አይቆምም። ተንሳፋፊ አጥር ቆሻሻን አያቆምም፤ ይመራል። ውሃውን ሰያፍ ሆኖ ይቆርጥና የሚንሳፈፈውን ሁሉ እየገፋ ወደ አንድ ዳር ይወስዳል። ሰው ቆሞ የሚያወጣው እዚያ ዳር ላይ ነው።

የውሃ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ፣ 3 እጥፍ ሲሆን 9 እጥፍ ይሆናል። በግንቦት እግር የማያርሰው ቀሃ በሐምሌ ምን እንደሚመስል የጎንደር ሰው ያውቃል። አጥሩን ለሐምሌው እንጂ ለግንቦቱ አታስቡት። አጥሩ ከውኃው አቅጣጫ ጋር 30 ዲግሪ ብቻ ቢያደርግ ፊት ለፊት የሚመታው ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ዋጋው ርዝመት ነው። 10 ሜትር ለሚሰፋ ወንዝ 20 ሜትር አጥር ያስፈልጋል። ይሄን ስናገር «ውድ ሆነ» ይሉኛል። በየክረምቱ አዲስ መግዛትስ?

ደግሞ ያ መወጠር! ገመዱ ጥብቅ ሲል ጠንካራ የሚመስለው ብዙ ነው። ተቃራኒው ነው። የገመዱ ቅስት፣ ማለትም መሐሉ በውሃው ግፊት የሚጎብጥበት ልክ፣ በግማሽ ሲያንስ ውጥረቱ እጥፍ ይሆናል። በጣም ከላላ ደግሞ መሐሉ ላይ ኪስ ይሠራና ቆሻሻው ማንም በማይደርስበት ቦታ ይከማቻል። ልኩ መሐል ላይ ነው፤ በዓይን ሳይሆን በሒሳብ ይገኛል።

አንድ ሰፈር ልጆች ሳይጠይቁኝ ሠሩት። የናይለን ገመድ፣ ከባሕር ዛፍ ወደ ባሕር ዛፍ፣ ቀጥ ያለ። ፎቶም ተነሱበት። ሰኔ ላይ ሌሊት ደራሽ ጎርፍ መጣ። ጠዋት ገመዱ የለም፤ አንዱ ባሕር ዛፍም የለም፤ ዳርቻው ተቦርቡሮ ከነሥሩ ሄዷል። ጀሪካኖቹ ራሳቸው ቆሻሻ ሆነው ወደ መገጭ ወንዝ ወረዱ።

ስለዚህ ምክሬ፦ ገመዱን ዛፍ ላይ አትሰሩ። ከዳርቻው ገባ ብሎ በተቀበረ ኮንክሪት ላይ እሰሩ። ማሰሪያው ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ከፍና ዝቅ ማለት አለበት። በአንዱ ጫፍ ላይ አውቃችሁ ደከም ያለ ማያያዣ አድርጉ። ግንድ ይዞ ደራሽ ሲመጣ እሱ ይበጠስና አጥሩ ዞሮ በሌላው ዳር ይጋደማል። አይጠፋም፣ ድልድይ ላይም አይከመርም።

ገንዘብና ባለሙያ ያላቸውም ይሸነፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጓቴማላ ላስ ቫካስ ወንዝ ላይ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የብረት አጥር ተከለ። ተንሳፋፊ አልነበረም፤ መሬት ላይ የቆመ ነበር። ጎርፉ መሠረቱን ቦረቦረውና አጥሩ አልቻለም።

«አንዴ ከተተከለ በቃ»

ማን ያወጣዋል? ባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የተሠራው ዝነኛ መሣሪያ በተንሳፋፊ አጥር ቆሻሻውን ይሰበስባል፤ ከዚያ በወንዙ ኃይልና በፀሐይ ኃይል የሚዞር ማጓጓዣ ወደ ኮንቴይነር ያወጣዋል። እንደዚያ ሆኖም ኮንቴይነሩን የሚያነሣ ሰው አለ። እኛ ጋ ማጓጓዣው የሰው እጅ ነው። ያልተራገፈ አጥር ግድብ ይሆናል፤ ውሃው ከሥር ይቆፍራል ወይም ሁሉንም ጠርጎ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት የሚያወጣውን ሰው ክፍያ፣ ጓንትና ቦቲ፣ ከዚያም የሚጫንበትን መኪና አስሉ። ከባዱ ጊዜ የመጀመሪያው ዝናብ ነው። በጋውን ሙሉ የተጣለው፣ የጥምቀቱ ሃይላንድ ሳይቀር፣ በአንድ ሌሊት ይወርዳል። ሰው መቆም ያለበት ያኔ ነው።

«ፕላስቲክ ሁሉ ይንሳፈፋል»

ክዳኑ የተዘጋ ሃይላንድ ይንሳፈፋል፤ ውስጡ አየር ስላለ። ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ ከገባው ይሰምጣል፤ ፕላስቲኩ ከውሃ ይከብዳልና። ፌስታል ደግሞ መሐል ላይ ይዋልላል። አጥሩ የሚያገኘው ከላይ ያለውን ብቻ ነው።

«መረቡ በደቀቀ ቁጥር የተሻለ ይይዛል»

ቅጠል ይደፍነዋል። ከዚያ መረብ መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ነው።

«የአንገረብን ግድብ ከደለል ያድናል»

አያድንም። ደለል ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ከሥር ያልፋል። የአንገረብ ግድብ ችግር ያለው ከላይ ካለው መሬት ነው፤ እርከንና ዛፍ ይጠይቃል።

«እምቦጭን ያጠፋል»

እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ጣና ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም. ሲታወቅ መጀመሪያ የታየው መገጭ ወንዝ በሚገባበት አካባቢ ነው። አጥር ተንሳፋፊውን ምንጣፍ ሊያግድ ይችላል። ግን አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለሆነ ንፋስ ሲገፋው ገመድ የሚፈትን ሸክም ነው፤ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከተማችን የምትልከው ፍሳሽ ደግሞ ያለማዳበሪያ አያሳድረውም።

«የዓሣ መንገድ ይዘጋል» የሚሉም አሉ። ሸራው ከላይ ጥቂት ብቻ ነው የሚወርደው፤ ዓሦቹ ከሥሩ ይለፉ።