«ሲዲ ላይ አለ» እና ሌሎች ማጽናኛዎች

ፎቶ ኮፒ ቤታችን ኮዬ ፈጬ ነው። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰን መለየታቸውን ሲያስታውቁ ሰፈራችን ወደ ኦሮሚያ ሄደ። ቤቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ደንብ የሚያወጣልን ምክር ቤት ግን ተቀየረ። ትናንት የአዲስ አበባ ሕጎች የሚታተሙበትን «አዲስ ነጋሪት ጋዜጣ» ስናስስ የነበርን ሰዎች፣ ዛሬ የክልሉን ምክር ቤት፣ የጨፌ ኦሮሚያን፣ የሕግ ጋዜጣ «መገለታ ኦሮሚያ» እንፈልጋለን። «እስቲ ያንን አዋጅ አውጣልኝ» የሚል ደንበኛም በዛ። አብረው የሚመጡ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹን እኔም አምናቸው ነበር።

«ስካን ተደርጓል፤ ዲጂታል ሆኗል»

ስካን የተደረገ ወረቀት ፎቶ ነው። አንተ ታነበዋለህ፤ ኮምፒውተሩ ግን ፊደል መሆኑን አያውቅም። «ካሳ» ብለህ ብትፈልግ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ኦሲአር የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ እሱም ማኅተም ያረፈበት ገጽ ላይ ሲደርስ ፊደሎቻችንን ያምታታል። ሲሳካ ደግሞ የራሳችን ጣጣ ይመጣል። አንዱ «ሕግ» ይጽፋል፣ ሌላው «ህግ»። አንዱ «ምክር ቤት»፣ ሌላው «ምክርቤት»። መፈለጊያው እነዚህን እንደ አንድ እንዲያይ ካልተደረገ ሰነዱ እያለ የለም ይልሃል።

«ሲዲ ላይ አለ፤ የት ይሄዳል?»

አንድ ጋሼ አሉ፤ ድሮ በአንድ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ይይዙ ነበር፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ሲዲ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ሲዲ የሚያነብ ያለን አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ብቻ ነው። አጓራ፣ አጓራ፣ በመጨረሻ ፋይሉ ተከፈተ። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪኑን አዩና «ይሄ ደግሞ የምን ቋንቋ ነው?» አሉኝ። የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የጥያቄ ምልክት ተደባልቋል።

የተጻፈው ቪዥዋል ግዕዝ በሚባል የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ፎንቶቻችን የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ አማርኛው የለም። የጋሼ ፋይል አልተሰረዘም፣ ቫይረስም አልበላውም። የጠፋው አንባቢው ነው። ለዚህ ነው ሰነድ ማቆየት አንዴ ሠርተው የሚገላገሉት ሥራ ያልሆነው። በየጊዜው እየከፈቱ ማየት፣ ወደ አዲስ ፎርማት ማዛወር፣ ቅጂውን የተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ይጠይቃል።

«ስብሰባው በፌስቡክ በቀጥታ ተላልፏል»

ፌስቡክ በየካቲት 2017 ዓ.ም. የቀጥታ ስርጭት ቪዲዮዎችን ከ30 ቀን በላይ እንደማያቆይ አስታውቋል። ሳያወርዱ የተዉት ሰዎች ይወቁበት።

«አዋጁ ከታተመ ቃለ ጉባኤ ምን ያደርጋል?»

የጋሼን ፋይል የፈታልን የአንድ ጓደኛዬ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ፎንቱ እዚያ ተገኘ። ጋሼ ሲያገላብጡ ቆዩና አንድ ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። አንድ ተመራጭ ስለ ገበሬው ካሳ ተነሥቶ ይከራከራል፤ ሰብሳቢው ጊዜዎት አልቋል ይሉታል። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። አዋጁ የታተመበት ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይህ ሁሉ የለም። እሱ የሚነግርህ ምን እንደተወሰነ ነው። ማን እንደተቃወመ፣ የትኛው አንቀጽ ከረቂቁ እንደወጣና ለምን እንደወጣ ያለው ቃለ ጉባኤው፣ ረቂቁና ማብራሪያው ውስጥ ነው። ከተማ ዳር ለሚኖር፣ መሬቱ ትናንት እርሻ ለነበረ ሰው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«የመንግሥት ሰነድ ኮፒ አይደረግም»

ይህችን ከደንበኛ ብቻ አይደለም የሰማኋት፤ ጠረጴዛ ኋላ ከተቀመጠ ሰውም ሰምቻታለሁ። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) የሕግ ይዘት ያላቸውን ኦፊሴላዊ ጽሑፎች ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ ይከናወን ይላል።

«ቴሌግራም ላይ አግኝቼዋለሁ፤ ያው ነው»

ያውም ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ፒዲኤፍ መነካካት ዛሬ የልጅ ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለክልል መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2011 የተዘጋጀ አንድ የሞዴል ሕግ አለ። ሕጉን በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚያወጣ መንግሥት ሦስት ነገር እንዲያሟላ ይጠይቃል። ቅጂው እውነተኛ መሆኑ ይረጋገጥ፣ ተጠብቆ ይቆይ፣ ለሕዝብ በዘላቂነት ክፍት ይሁን። አንዱ የማረጋገጫ መንገድ ቼክሰም ነው፤ ከፋይሉ የሚሰላ ቁጥር ማለት ነው። አንዲት ፊደል ብትነካ ቁጥሩ ይቀየራል።

እኔ ሱቅ ቼክሰም የለም። ስለዚህ «ከቴሌግራም ነው» ያለኝን ሁሉ ሳላትም በፊት የአዋጁን ቁጥር፣ ዓመቱንና የገጹን ቁጥር እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይበሳጫል። ጋሼ ግን ለራሳቸው ቃለ ጉባኤም ቢሆን ሦስቱንም ወረቀት ላይ ጽፈው ነው የመጡት።