ከተማ ገባሁ፤ የገጠር መሬቴን መሸጥ እችላለሁ?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የገባ የቃሉ ወረዳ ልጅ ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። አጭሩ መልስ፦ አይቻልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈውም ለዚህ መብት ነው።

ለምን ተከለከለ? የመንግሥት መከራከሪያ ይሄ ነው፦ ድርቅ ሲመጣ ገበሬው ማሳውን በርካሽ ሸጦ ባዶ እጁን ከተማ ይገባል፣ ገጠሩም ይራቆታል። ወሎን ለሚያውቅ ስጋቱ ተረት አይደለም። ተቺዎች ደግሞ ክልከላው ወጣቱን ከጠባብ ማሳ ጋር አስሮ ያስቀምጣል ይላሉ። እኔም ወደዚህኛው አደላለሁ።

ታዲያ ምን ይቻላል? ማከራየት፣ በእኩል ማሳረስ፣ ማውረስ። በ2016 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደርን ፈቅዷል። ዕዳው ባይከፈል አበዳሪው ለተወሰነ ጊዜ ይጠቀምበታል እንጂ መሬቱን ጠቅልሎ አይወስድም።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሰው ገንዘብ ሲቸግረው በወለድ አገድ ይሰጣል፤ ብሩ እስኪመለስ አበዳሪው ያርሳል። አንዳንዱም ሽያጩን «ኪራይ» ብሎ በወረቀት ይሸፍናል። ይሄ ሽያጭ ፍርድ ቤት ሲደርስ ውሃ አያነሳም። የምር ኪራይ ከሆነ ግን ዘመኑንና ዋጋውን በጽሑፍ አስፍሩ፣ ሚስትም ትፈርም፣ ከዚያ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡት።