በካርቦን የተደገፈ ካታሊስት ሲባል ካርቦኑ ነዳጅ አይደለም

በጅማው የንባብ ቡድናችን «ካርቦኑ ከሰል ከሆነ፣ በነዳጅ ሴል ውስጥ ተቃጥሎ አያልቅም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ፣ ይህን አንድ ነጥብ ብቻ ላብራራ። የነዳጅ ሴል ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን አገናኝቶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው።

ካታሊስት የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ነገር ነው። በነዳጅ ሴል ውስጥ ኦክስጅን ከሃይድሮጅን ጋር ውሃ የሚሆንበት እርምጃ እጅግ አዝጋሚ ስለሆነ፣ ውዱ ፕላቲነም ያፋጥነዋል። የካርቦኑ ድርሻ ፕላቲነሙን በትኖ መያዝና ኤሌክትሮን ማስተላለፍ ነው። 1 ግራም ፕላቲነም አንድ ድፍን ኩብ ቢሆን የገጹ ስፋት በአጠቃላይ 1 ካሬ ሴንቲሜትር አይሞላም፤ 3 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ወደሚያህሉ ቅንጣቶች ቢከፋፈል ግን 90 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንድ ሰፊ ቤት ወለል ያህል ይሆናል። ካርቦኑ ባይይዛቸው ቅንጣቶቹ ተመልሰው ይጣበቃሉ።

ፕላቲነም በሌለባቸው ርካሽ የካታሊስት ዓይነቶች የብረት አተሞች ከናይትሮጅን ጋር ካርቦኑ ውስጥ ስለሚሰኩ፣ ካርቦኑ ደጋፊ ብቻ ሳይሆን የሥራው ተካፋይም ነው፤ ግራ መጋባቱ የሚብሰውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በአካባቢያችን የሚከመረው የቡና ገለፈት አየር በሌለበት ቢከስል ካርቦን ይሰጣል፤ ሆኖም በአነስተኛ ሙቀት የከሰለ የማድቤት ከሰል ኤሌክትሮንን በደንብ አያስተላልፍም።

ካታሊስት የአንድን ለውጥ ፍጥነት እንጂ ከለውጡ የሚገኘውን ጠቅላላ ኃይል እንደማይቀይር እርግጥ ነው። ከካታሊስት ካታሊስት ግን ዕድሜው ይለያያል፤ በተለይ እንዲህ ያለ ካታሊስት የሚጠቀመው የዚንክ-አየር ባትሪ (ከዚንክና ከአየር ኦክስጅን ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ባትሪ) ሲሞላና ኦክስጅን ሲወጣ፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ ካርቦኑን ቀስ በቀስ ይበላዋል።