ወተት ሰብሳቢዎች የምንሳሳትባቸው ነገሮች፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ

ከጫጫና ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ወተት እየሰበሰብኩ ወደ አዲስ አበባ መላክ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከደብረ ብርሃን መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ገንዘብ ይቀልጣል። የሚቀልጠው ደግሞ በአብዛኛው እውነት ነው ብለን ይዘን በምንዞረው የተሳሳተ ሐሳብ ነው።

«ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ ወተት አይበላሽም»

ይሄን የማይል ሰው የለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ወተቱ ግን ከላሟ ሲወጣ 38 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ዳር ዳሩ ይቀዘቅዛል፣ መሀሉ ግን ሙቀቱን ይዞ ለሰዓታት ይቆያል፣ ባክቴሪያውም የሚራባው እዚያ ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ መውረድ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ጀሪካን ደግሞ አንገቱ ጠባብ ነው፣ እጅ ገብቶ አያጥበውም። ጥጉ ላይ የቀረችው ወተት የነገውን ታኮመጥጣለች።

እኛ አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ካን ገዛን። ካኑን ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ነክረን በንጹሕ ማማሰያ እናማስላለን፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ በአልኮል ምርመራ የሚመለስብን ወተት ቀንሷል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ወተትና አልኮል እኩል ተቀላቅሎ ከረጋ ተቀባዩ አይወስደውም። የመኪናው ነዳጅ ግን ተከፍሏል።

«ከገበሬው በርካሽ የገዛ ያተርፋል»

አንድ ክረምት ወተት ሲትረፈረፍ ዋጋ ቀነስኩ። ያኔ ጎበዝ ነጋዴ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በጋ ገብቶ ወተት ሲጠፋ ገበሬዎቹ በደጄ እያለፉ ለሌላ ሰብሳቢ ሸጡ፤ መኪናዬ ግማሽ ጭኖ ሙሉ ነዳጅ በላ። ከቀሩልኝም አንዳንዱ ውሃ መጨመር ጀመረ። ላክቶሜትር የሚባለው የወተት ውፍረት መለኪያ ውሃውን ያሳያል፣ የሄደውን ሰው ግን አይመልስም። ትርፍ የሚሰላው በገዛነው ሊትር ሳይሆን ደርሶ በተሸጠው ሊትር ነው። ይሄ ከገባኝ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ብዙ የማይዋዥቅ ዋጋ ተነጋገርን፣ ክፍያውንም በ15 ቀን ሳላሳልፍ እከፍላለሁ።

«አንድ ትልቅ ገዢ ካለ ይበቃል»

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሰው ይጾማል፣ ላሟ ግን በየቀኑ ትታለባለች። አንድ ገዢ ብቻ ያለው ሰው በዚያ ሰሞን «አትላክ» ሲባል ወተቱን ይዞ ይቀራል። መውጫው ቅቤ ነው። 20 ሊትር ገደማ ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ ይወጣዋል፣ ለፋሲካ ደግሞ ቅቤ ፈላጊው ብዙ ነው። የሸኖ ቅቤ በከንቱ አይደለም ስሙ የወጣው።

«መኖ ማከማቸት ገንዘብ ማሰር ነው»

ሁሉን ማከማቸት አዎ፣ ማሰር ነው። ቶሎ የማይገኘውን ማስቀመጥ ግን ሌላ ነው። ቶዮታ ዕቃ ባለማከማቸት በዓለም የታወቀ ኩባንያ ነው፤ እሱ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓንን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ከመታት በኋላ አቅራቢዎቹ ለወራት የሚበቃ ቺፕ፣ ማለትም መኪና ውስጥ የሚገባ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ እንዲያስቀምጡ አደረገ። በ2021 ቺፕ ከዓለም ገበያ ሲጠፋ ከተፎካካሪዎቹ ዘግይቶ ነው የተነካው። የእኛ ቺፕ ድርቆሽና ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) ነው። ድርቆሽ በታጨደ ሰሞን ኅዳር ላይ ያለው ዋጋና ግንቦት ላይ ያለው አይገናኝም። መንገድ የተዘጋ ጊዜ ደግሞ በዋጋም አይገኝም። ለጄኔሬተር የሚሆን ናፍጣም እንደዚያው።

«አካባቢ ጥበቃ የኤንጂኦ ወሬ ነው»

እኔም እንዲህ እል ነበር። ከዚያ ሒሳቡን አየሁት። ደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካ አላት፤ ብቅሉ ከተጠመቀ በኋላ የሚተርፈው ገፈት ጥሩ የላም መኖ ነው። እርጥብ ስለሆነ ግን በጥቂት ቀን ይሻግታል፣ ሩቅ ያለ አርቢ አይጠቀምበትም፣ እኛ ግን ቅርብ ነን። እበቱም አለ። ኩበት ሆኖ ከሚነድ ባዮጋዝ ጉድጓድ ቢገባ ጋዙ ምድጃ ላይ ይነዳል፣ ዝቃጩ ተመልሶ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ወተት ከሚያመጡልኝ አንዷ እናት እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ንጋት ላይ ስደርስ ውሃው ፈልቶ ይጠብቀኛል፣ ካኑን የምናጥበው በእሱ ነው።